አርባ ሳንቲሜትር

ያ ክረምት ክፉ ነበር። ሲሚንቶ ከገበያ ጠፋ። የተገኘውም በእጥፍ ዋጋ ነው፣ እሱም በሰው በሰው። የተጀመሩ ቤቶች ብረታቸው ወደ ላይ እንደቆመ ቀሩ። የቀን ሠራተኛው ጠዋት የሲሚንቶ መጋዘኑ ደጅ ይሰበሰባል፣ እስከ ቀትር ይቆማል፣ ይበተናል። ሥራ ያልፈታው ዝናቡ ብቻ ነበር። የእኔን ቤት የጓሮ ግድግዳ ከሥሩ ይበላው ጀመር። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ሃምሳ ዓመት ግንበኛ ነበርኩ፤ የራሴ ግድግዳ ግን ጭቃ ነው። ለእሱ ብዬ ከበጋው ያስቀረኋቸው ሦስት ከረጢት ሲሚንቶ ነበሩኝ። እርጥበት እንዳይነካቸው በላስቲክ ጠቅልዬ ከአልጋዬ ሥር ሳንቃ ላይ አስቀመጥኳቸው። ዝናቡ ሲያባራ እሠራዋለሁ እያልኩ ጠበቅሁ። አላባራም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ለሽምግልና ተጠርቼ ወጣሁ። ሽምግልና ለእኔ አዲስ አይደለም። በሠፈራችን ሠላሳ ዓመት የተጣላ ሲያስታርቁ ከኖሩት አንዱ እኔ ነኝ፤ ሌላው ጡረታ የወጣ መምህር ነው። እሱ ይናገራል፣ ይጽፋል። እኔ እሰማለሁ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ሁለት ቃል እጨምራለሁ። እነሱ ዘንድ የሄደ ነገር ሳያልቅ አይመለስም ይሉን ነበር። ሲሉን ደስ ይለን ነበር። የዚያን ቀን ግን የጠራን ሠፈሩ አልነበረም፤ የአስማሚዎች ቢሮ ነው። ፍርድ ቤት የቤተሰብ ክርክር ሲመጣለት በመጀመሪያ ሂዱና ተስማሙ ብሎ የሚልከው ወደዚያ ነው። ቢሮው ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው በስንፍና የተሠራ ነው፤ አንዱ እርከን ከፍታው አሥራ አምስት ሳንቲሜትር፣ ቀጣዩ ሃያ። እግሬን እያየሁ ስወጣ ከመታጠፊያው በላይ የመምህሩን ድምፅ ሰማሁ። ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው።

«አንተ አትጨነቅ። እሷን ለእኛ ተዋት። እሷ እሺ ባይ ናት።»

ሌላው ሳቀ። ሳቁን አውቀዋለሁ። የመኪና መለዋወጫ ነጋዴው ነው፤ ከእህቱ ጋር ልናስታርቀው የተጠራነው ሰው።

እጄ የደረጃው ብረት ላይ እንዳለ ቆምኩ። ደሜ ፈላ። መጀመሪያ በመምህሩ ላይ መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ ነው አነጋገሩ የእኔ መሆኑ የገባኝ። ከእኔ ነው የተማረው። እኔ ሽምግልና ስቀመጥ የበደለው ማነው ብዬ አልነበረም የምጀምረው። ቀድሞ እሺ የሚለው ማነው ብዬ ነበር። ግትሩን ማባበል ቀናት ይፈጃል። ለስላሳውን አንድ ጠዋት መምከር ይበቃል። ለስላሳው ሲያጎነብስ ሁለቱ ተስማሙ እንላለን፣ ወረቀት ይጻፋል፣ ሻይ ይመጣል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር። አንድም ነገር ሳያልቅ አልተመለሰም።

ክፍሉ ውስጥ አራት የላስቲክ ወንበርና አንድ ጠረጴዛ አለ። ጣሪያው ያፈሳል፤ ጥግ ላይ ባልዲ አስቀምጠውለታል። አስማሚዋ ወጣት ሴት ናት፤ ፊቷ ላይ ድካም አለ፤ ከእኛ በኋላ ሦስት ቀጠሮ እንዳላት ገና ስንቀመጥ ነገረችን። ነጋዴው ከመምህሩ ጎን ተቀመጠ። እህቱ ከበሩ አጠገብ፣ ከባልዲው ጎን። ልብስ ሰፊ ናት። ከሥራ ተነሥታ መምጣቷን ያወቅሁት የስፌት ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ በመቅረቱ ነው። አባታቸው አብሮኝ ብሎኬት ሲደረድር የኖረ ሰው ነበር። ሲሞት አንድ ቤት ትቶላቸው ተጣሉ፤ እኔና መምህሩ ገብተን ቤቱን መሀል ለመሀል አካፈልናቸው። መሀል የቆመውን ግድግዳ የሠራሁት እኔ ነኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ሆነው።

አሁን የተጣሉበት ነገር አጭር ነው። የከተማው ጽሕፈት ቤት ዘንድሮ ደንብ አወጣ፤ የሥራ ክፍል ስፋቱ ከሁለት ሜትር ተኩል ካነሰ ፈቃዱ አይታደስም። ተቆጣጣሪ መጥቶ የልብስ ሰፊዋን ክፍል ለካ። ሁለት ሜትር ከአሥር። እስከ ወሩ መጨረሻ ካላስተካከልሽ የስፌት መኪናሽን አሽጋለሁ ብሎ ወረቀት ሰጥቷት ሄደ። እሷም ወንድሟን ቤቱን እኩል ነበር የተካፈልነው፣ በሁለታችንም በኩል ይለካልኝ አለችው። አላስገባም አላት። ከሰሰችው።

«አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የት ነበረች?» አለ ነጋዴው። «ግድግዳው በሽማግሌ ፊት ነው የቆመው። እኩል ተካፍለዋል የሚል ወረቀት አለኝ። ፈርማለች። እሷ ክፍል ጠበበኝ ባለች ቁጥር እኔ ሜትር ይዤ ልሩጥ?»

«ይለካልኝ» አለች።

መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ስለ ወንድምና እህት ተናገረ። ስለ አባታቸው ተናገረ። ደም ውኃ እንደማይሆን፣ ፍርድ ቤት ቤት እንደሚያፈርስ፣ ሰው ነገ ሲታመም የሚጠይቀው ዳኛ ሳይሆን ወንድሙ እንደሆነ ተናገረ። ሁሉንም ከዚህ በፊት በሌላ ሰው ላይ ሲናገረው ሰምቻለሁ። ከዚያ ነጋዴው ያሰበውን ደግነት አመጣ። የስፌት መኪናዋን ከሱቁ በረንዳ ጥግ ላይ ታስቀምጥ፤ ኪራዩ ለእህት የሚሆን ኪራይ ይሆናል፤ እሷ በበኩሏ የግድግዳውን ነገር ዳግመኛ ላታነሣ ትፈርም።

«ክረምቱን በረንዳ ላይ ልስፋ?» አለች።

«ሸራ ይወጠርልሻላ!» አለ ነጋዴው።

«ይለካልኝ።»

«አንቺ ደግሞ ሁሉ ነገር ጨርቅ ይመስልሻል» አለ መምህሩ እየሳቀ። «ወንድም በሜትር ይለካል እንዴ ልጄ?»

«ወንድሜን አይደለም። ግድግዳውን ነው። ይለካልኝ።»

አስማሚዋ ወደ እኔ ዞረች። ግንቡን የሠሩት እርስዎ ነዎት አሉ፣ ምን ይላሉ አለችኝ። ባልዲው ውስጥ የሚንጠባጠበው ይሰማል። ልብስ ሰፊዋ አላየችኝም። ባልዲውን ነበር የምታየው። ሜትር ኪሴ ውስጥ አለ፤ ከቤት ስወጣ ሜትር ይዤ የማልወጣበት ቀን የለም። ቤቱን አንድ ጊዜ ልየው አልኩ። አስማሚዋ ሰዓቷን አየችና እንግዲያው ወረቀቱ እስኪተየብ ሄደው ይምጡ፣ ስምንት ሰዓት ላይ እንፈርማለን አለች። በእሷ ዘንድ ነገሩ አልቆ ነበር። መምህሩ ሲያልፍ ትከሻዬን ቸብ አደረገኝ።

ከልብስ ሰፊዋ ጋር ጎን ለጎን ሄድን። አንድ ጃንጥላ ነበራት፤ ወደ እኔ አዘንብላ ያዘችው፤ ግማሽ ትከሻዋ ረጠበ። ቤቷ ስንደርስ ቀድማ ገብታ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ሌላ መንገድ የለም፤ አንድ ሰው ካልተቀመጠ ሌላው አይገባም። አልጋው በስተግራ ከዳሩ ግድግዳ ተለጥፏል። የስፌት መኪናው ከግርጌው ነው። መሳቢያው የሚከፈተው ወደ አልጋው ስለሆነ ክር ለማውጣት ጉልበቷን አልጋው ላይ ታወጣለች። ልብስ የሚለካ ሰው በሩ ላይ፣ ግማሽ አካሉ ውጭ ሆኖ ነው የሚለካው፤ በዝናብ ቀን ደንበኛ አይቆምም። የተሰፉት ልብሶች ከጣሪያው ላይ በገመድ ተንጠልጥለው ጭንቅላቴን ነኩኝ። ማታ ማታ ልጇ ፍራሽ የምትዘረጋው በአልጋውና በእኔ ግድግዳ መካከል ነው። ልጅቷ የተወለደችው ግድግዳው የቆመ ሳምንት ነው።

እጄን ግድግዳው ላይ አኖርኩት። ጥሩ ግንብ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ቆሞ አንድ ስንጥቅ የለውም። ያኔ ሁለት ችካል ተክዬ፣ ሲባጎ ወጥሬ፣ መሀሉን አውጥቼ ነበር፤ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሜትር ተኩል። ልብስ ሰፊዋ ለወሊድ ሆስፒታል ገብታ ነበር። ወንድሟ መጣና ሲባጎው የአባቱን ቁም ሳጥን መሀል ለመሀል እንደሚያልፍ አየ። ቁም ሳጥኑ ለእሱ ደርሶታል። ይገፋ አልኩት። አይነቃነቅም አለ፣ አራት ሰው አይችለውም፣ ሲገፋም ይሰበራል፣ የአባታችን ዕቃ ነው፣ ከተሰበረ እርቁን ትቻለሁ አለ። ቀኑ መሽቶ ነበር። ሲሚንቶው ተቦክቷል። እሱ ግትር ነው። እሷ እሺ ባይ ናት። ችካሎቹን ነቅዬ አርባ ሳንቲሜትር ወደ እሷ ወሰድኳቸው። ቁም ሳጥኑን ለመግፋት እንኳ አልሞከርኩም።

ከሆስፒታል ስትመለስ ሕፃኗን እንደታቀፈች በሩ ላይ ቆማ አየችው። ጠበበ መሰለኝ ጋሼ አለችኝ። ግድግዳ ሲቆም ቤት ይጠባል፣ ዓይንሽ ነው፣ ዕቃ ስታስገቢ ይሰፋል አልኳት። ሥራውን የማያውቅ ሰው ግንበኛ ያለውን ያምናል።

ሜትሬን ከኪሴ ሳወጣ ልብስ ሰፊዋ ራሷን ነቀነቀች።

«ይተዉት ጋሼ። እኔ ለክቼዋለሁ።»

«ተቆጣጣሪው የለካውን አይደለም እኔ...»

«ያኔ ነው የለካሁት። ከሆስፒታል በወጣሁ በሦስተኛው ቀን። ልብስ ሰፊ እኮ ነኝ።» የአንገቷን ሜትር በሁለት ጣቷ ይዛ አሳየችኝ። «ሁለት ከአሥር። ወንድሜ ሥራ ሲውል ሚስቱ አስገባችኝና የእነሱንም ለካሁት። ሁለት ከዘጠና።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ሌላ መቀመጫ አልነበረም።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ለማን ልንገር? ያስታረቁኝ እርስዎ። የገነቡት እርስዎ። ወረቀቱ ላይ የፈረሙት እርስዎ።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «አንድ ቀን ይነግሩኛል ብዬ ጠበቅሁ። ረስተውት ይሆናል እንዳልል፣ በየዓመቱ ለልጄ ጫማ ይዘው ይመጣሉ። ለሠፈሩ ልጅ ሁሉ ጫማ ይገዛሉ እንዴ? ጫማውን ባየሁ ቁጥር ነው እንዳልረሱት የማውቀው። ልጄ እርስዎን ትወድዎታለች። እኔ ጫማውን ባየሁ ቁጥር ይነደኛል።»

ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። አሥራ ስምንት ጥንድ ጫማ ገዝቻለሁ። በየዓመቱ ከዚያ ቤት ቀለል ብሎኝ ነበር የምወጣው።

«ዛሬ የፈለግሁት ሜትር አልነበረም» አለች። «እርስዎ ያሉበት ክፍል ውስጥ ይለካልኝ ስል አፍዎን ይከፍታሉ ብዬ ነው። ሦስቴ አልኩ።»

ተነሥቼ ወጣሁ። በዝናቡ ብቻዬን ነው የተመለስኩት። ደረጃውን ስወጣ ሃያ ሳንቲሜትር በሆነው እርከን ተደናቀፍኩ፤ የሠራውን ሰው ረገምኩት።

ወረቀቱ ተተይቦ ጠበቀን። ሁለት ገጽ ነው። ተዋዋዮቹ አለመግባባታቸውን በፍቅርና በመተሳሰብ እንደፈቱ፣ ከሳሽ ስለ ግድግዳው ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ እንደሌላት ይላል። ነጋዴው ፈርሟል። መምህሩ ፈርሟል። ልብስ ሰፊዋ ከበሩ ጎን ብዕሩን ይዛ ተቀምጣለች። እሺ ልትል እንደሆነ አየሁ። እኔ ካልተናገርኩ ሌላ ምን አላት? ብዕሩን ከእጇ ወሰድኩና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«አልፈርምም» አልኩ። «ግድግዳው መሀል ላይ አይደለም። አርባ ሳንቲሜትር ወደ እሷ ገብቷል። ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ አውቄ ነው።»

መምህሩ እጄን ያዘ። «ደክሞሃል ወንድሜ። የዚያን ዕለት እኮ አብረን...»

«አንተ ቤቱ ውስጥ አልነበርክም። ወረቀት ነው የጻፍከው። እሱንም እኔ ጨረስኩ ስልህ ነው የጻፍከው።»

«ጋሼ» አለ ነጋዴው፣ እንደ ሕፃን እያባበለኝ፣ «ዕድሜ ነው። ብዙ ቤት ነው የሠሩት። ከሌላ ሰው ቤት ጋር ተምታቶብዎት ይሆናል።»

«ቁም ሳጥኑስ?» አልኩት። «እሱም ተምታታብኝ? አይነቃነቅም ያልከኝ ቁም ሳጥን?»

ወደ መምህሩ ዞረ። አስማሚዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓቷን ማየት ተወችና ባዶ ወረቀት ሳበች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ችካሉን፣ ሲባጎውን፣ የተቦካውን ሲሚንቶ፣ ዓይንሽ ነው ያልኩትን። ስትጽፍ ብዕሯ ወረቀቱን ይቧጥጠዋል። መምህሩ መስኮቱን ያያል። ከጽሑፏ ቀና ብላ ይህ ቃል ከመዝገቡ ጋር ወደ ፍርድ ቤት ይመለሳል፣ ዳኛው መሐንዲስ ያዛል፣ መሐንዲሱ ቤቱን ከዳር እስከ ዳር ይለካል አለች።

ነጋዴው ተነሣ። «የመጣኸው ልታስታርቀን ነው ልታጣላን?» አለኝ። በሕይወቱ አንተ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። «አባቴ ጓደኛዬ ይልህ ነበር። ከቤታችን በልተህ...»

«በልቻለሁ። ለዚህ ነው የምናገረው።»

ወደ በሩ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ወንበሩን ገፋው። መሐንዲሱን አልወደደውም። ከዳር እስከ ዳር ሲለካ በስተጀርባ ያለ ፈቃድ የቀጠለውም እንደሚገኝ እሱ ያውቃል። በመጨረሻ እንዳሻችሁ አለ፣ አፍርሱት። ግን በራሳችሁ ጉልበት፣ በራሳችሁ ወጪ፣ በአንድ ሳምንት። አንድ ብሎኬት አልገዛም፣ የተሰበረ ካለ ትከፍላላችሁ። ከዚያ ፈገግ አለ።

«ደግሞ ሲሚንቶ ከየት እንደምታመጡ አያለሁ።»

«አለኝ» አልኩት።

አስማሚዋ የመጀመሪያውን ወረቀት ለሁለት ቀደደችውና አዲሱን በእጇ ጻፈች። ግማሽ ገጽ ሆነ። ፍቅር የሚል ቃል አልነበረበትም። ሁሉም ፈረሙ። መምህሩ ሻይ ሳይመጣ ወጥቶ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት መዶሻና መሮዬን ይዤ ሄድኩ። ከላይ ጀመርኩ፤ ብሎኬቱ እንዳይሰበር አንድ በአንድ እያላቀቅሁ ለልብስ ሰፊዋ አቀብላታለሁ፣ እሷ አሮጌውን ሲሚንቶ እየፋቀች ትደረድራለች። ጥሩ ግንብ ማፍረስ ከመሥራት ይከብዳል። እንዲያ አድርጌ በመሥራቴ ራሴን ሰደብኩ። በሁለተኛው ቀን ወገባችን ድረስ ሲወርድ የነጋዴው ሚስት ወዲያ ማዶ መጥረጊያዋን ይዛ ቆማ ታየናለች። ቁም ሳጥኑ ከጎኗ ነው። ሲባጎውን ከወጠርኩ በኋላ ከዚያ ቦታ መነሣት ነበረበት። ነጋዴው ሱቅ ነው፤ ሰው ልኬ አስጠራሁት፣ አልመጣም፤ አራት ሰው አምጡ ብሎ ላከ። የተደረደረውን ተሻገርኩና ትከሻዬን ሰጥቼ ገፋሁት።

ሄደ። ስገፋው ወለሉ ላይ ሲጢጥ ብሎ አንድ ክንድ ሄደ። ባዶ ጋሪ የገፋሁ ያህል ነው። ወደ ፊት ተደፍቼ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ።

«ቀስ ይበሉ» አለች የነጋዴው ሚስት። «ቀላል ነው እኮ። ለመጥረግ በየወሩ እጎትተዋለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች። አሥራ ስምንት ዓመት ሳቋን ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። እኔ ቁም ሳጥኑን በእርግጫ መታሁት። በሩ ተከፈተ፤ ውስጡ የክረምት ብርድ ልብስ ብቻ ነበር።

ስድስት ቀን ፈጀብኝ። ሦስቱም ከረጢት አለቁ። በአራተኛው ቀን የራሴ የጓሮ ግድግዳ ወደቀ፤ ላስቲክ ወጥሬበት ወደ ሥራዬ መጣሁ። በስድስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ የመጨረሻውን መስመር አኑሬ፣ ቀጥ ማለቱን በቱንቢ አይቼ፣ ወረድኩ። እጄን በባልዲ ስታጠብ ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ አወጣች። አንዱን ጫፍ እኔ እንድይዘው አልሰጠችኝም። አልጋው ላይ ወጥታ በጉልበቷ ተንበርክካ ጫፉን በአውራ ጣቷ ከዳሩ ግድግዳ ጋር ያዘችው፤ ሌላውን እየዘረጋች አዲሱ ግንብ ድረስ መጣች። ከላይ ለካች፣ ከመሀል ለካች፣ ከታች ለካች። ቸኩላ አይደለም። ቆሜ ጠበቅሁ።

«ሁለት ከሃምሳ ሁለት» አለች። ቀና ብላ አየችኝ። «ሁለቷ የምን ናት?»

«ለልስኑ ነው። ልስን ሁለት ሳንቲሜትር ይወስዳል።»

ሜትሩን ጠቀለለችው።

«እኛም ለስፌት እንተዋለን» አለች።